ሃያ ፍሬ እርሳስ

ጠመንጃው የአጎቴ ነው፣ ጥይቱ ግን የኔ፤
ካልገዛሁ አይጮህም፤ ይኖራል እንደ እኔ
አፉን ዘግቶ።

ዘንድሮ ነው የደረሰኝ፣ ከቡልጋ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣
መጀመሪያ በአህያ፣ ኋላም በአውቶቡስ ጣራ ተንከባሎ።
አፈ ሙዙ ረጅም፣ ሰደፉ የወይራ፤
ከኋላ አይጎርስም፣ እንደ ሰው በአፉ ነው፣ በተራ በተራ፦
መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ሞራ የነካው ጨርቅ፣
ከዚያ እርሳሱ፣ ከዚያ በዘንግ መጠቅጠቅ።
«ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉታል የቢሮ ጓደኞቼ ሲያሾፉ፤
«ድኩላው ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ክረምትና በጋ ሲያልፉ!»

ጠዋት አስካለ ከደጅ ላይ አንድ ነገር አዝዛኝ ነበር፤
«እሺ» አልኳት፤ ልቤ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ከዱር።
ቅዳሜ ስድስት ሰዓት የፖስታ ቤቱን መስኮት ዘጋሁ፤
ደመወዜን በደረት ኪሴ፣ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጣሁ።

የሙሴ ሃጎፕ ሱቅ ጠባብ ናት፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፤
በግድግዳው በኩል ሠላሳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ አሁንም አሁን።
«ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለድኩላ።» «ከዚህ በፊትስ?» ዝም አልኩ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤ እኔ አቀረቀርኩ።

ሁለት ሣጥን ከፈተ። በአንደኛው ሾጣጣ፣
ወገቡ ሦስት ቀለበት፣ አፍንጫው የወጣ፤
በሁለተኛው ድብልብል፣ ያደገ ሽምብራ፣
ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የሚተው አሻራ።

«ይኼ ሾጣጣው» አለ፣ ባማርኛው ላይ የራሱን ቅመም እየነሰነሰ፣
«ሩቅ ይሄዳል። ከወንዝ ማዶ ሆነህ፣ ልቡን ካገኘ፣ ጨረሰ።
ትከሻህን ግን ይመታል፤ ባሩድ ይበላል፣ ዕዳ ነው።
ክቡ ደግሞ ትንሽ ይበቃዋል፤ ግን ከሩቅ ሰነፍ ነው።
ስድሳ ርምጃ። ከዚያ ካለፈ ያቆስላል፣ አይገድልም።
የቆሰለ ድኩላ ደግሞ…» እጁን አወናጨፈ፤ አልጨረሰውም።

ስድሳ ርምጃ! ከዚያ ላይ ጆሮው ይታያል፣ ሽፋሽፍቱ፣
ማኘኩን መተዉ፣ ቀና ብሎ ወደ እኔ ማየቱ።
ከሩቅ የሚገድል ሰው የማንን ዓይን ያያል?
መቅረብ ያልሆነለትስ ባዶ እጁን ቢመለስ ምን ይጎድለዋል?

«ክቡን» አልኩ። ሙሴ ሃጎፕ ፈገግ አለ መሰለኝ፤
ወይም ርካሹን ስለመረጥኩ ታዘበኝ።

ከዚያ ባሩዱ መጣ፤ ደቃቁ እንደ ጥላሸት፣ ሻካራው እንደ ኑግ፤
ደቃቁ ቁጡ ነው፤ ሻካራው ጭምት፣ ባልሆነው ሁሉ የማይበረግግ።
«ብረቱ አርጅቷል፤ ቁጡ አትስጠው» አለና የኑጉን ቀዳ።
ሚዛኑን ሳይ ልቤ ተመለሰ፤ ለዚህስ አይደለሁም እንግዳ፤
ሃያ ዓመት ደብዳቤ መዝኛለሁ፣ የለቅሶውንም የሠርጉንም፤
ሚዛን ወረቀት እንጂ ኀዘን አያውቅም።
በዚያው ጣቴ፣ በዚያው ጥንቃቄ፣ ትንሽ ጨመርኩ፣ ትንሽ ቀነስኩ፤
ለሞት የሚለጠፍ ቴምብር ስንት እንደሆነ ሳሰላ ራሴን ያዝኩ።

ከጆሮው ጀርባ ቁራጭ መዝዞ ሒሳቡን ጻፈልኝ፤
«እርሳስ፣ ፍሬ ሃያ። ባሩድ፣ አንድ ቆርቆሮ።» መልስ ሰጥቶ አሰናበተኝ።

ዝናቡ ራስ መኰንን ድልድይ ላይ ደረሰብኝ።
ቆርቆሮውን ከኮቴ ሥር፣ ከብብቴ ሸጎጥኩ፤
እንደ ሕፃን አቅፌ፣ እሱ እንዳይርስ እኔ ራስኩ።

አስካለ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ አዲስ ደብተሯን ታቅፋ።
«አባዬ፣ እርሳስ አመጣህልኝ?» አለች፣ እጇን ዘርግታ፣ ሰፍስፋ።
ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ትዝ አለኝ ያኔ።
ኪሴ ውስጥ ሃያ ፍሬ እርሳስ፤ አንዱም አይጽፍ፣ ወይኔ!

አንዷን አነሣች። ገለባበጠቻት። ደብተሩ ላይ ጫነቻት፤
ግራጫ መስመር ወጣ፤ ዞረ፣ «ሀ» ሆነ፤ አንገቷን ሰብራ አየቻት።
«ይጽፋል!» አለች።
«ግን ይንከባለላል።»

ጣቶቿን በሳሙና ሦስቴ አጠብኩ፤ ግራጫው ቶሎ አልለቅ አለ።
ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ነው፣ አፉን ከፍቶ እንደ ተሰቀለ።
ሰኞ ማለዳ፣ ሱቅ ሳይከፈት፣ ቆሜ ጠበቅኩ፤
አንድ እርሳስ ገዛሁ፣ ባለ ላጲስ፣ ጫፉን በሰንጢዬ ቀረጽኩ።

ድኩላው ቆሞ ይጠብቅ።
ካሻውም አይጠብቅ።